ዜሮ የተባለ ሽታ

አክስቴ በምትሠራበት ክፍል ዓይን የሚሞላ ዕቃ ቢኖር ወንበሩ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ደቃቅ ነው። እዚያ የሚሠሩት ሴንሰር፣ ትነት ጠቋሚው፣ ከፀጉር የቀጠነች ምላስ አለችው፤ የቲነር ትነት ሽው ሲልባት ትጎብጣለች፣ መጉበጧም ስክሪን ላይ መስመሩን ከፍ ያደርገዋል። የሚገጠመው ቀለም ፋብሪካ፣ አጣቢዎች በሚገቡበት የታንከር አፍ ላይ ነው። የአክስቴ ባል ታንከር አጣቢ ነበር። ገባ፤ በእግሩ አልወጣም። ይህን የሴንሰር ሥራ የያዘችው ሌላ ሴት እንደሷ ያለ ባል እንዳትቀር ነው።

ሥራዋን «ማስረሳት» ይሉታል። ምላሲቱን አሙቃ የያዘችውን ሽታ ታስለቅቃታለች፤ ከዚያ በንጹህ አየር ዜሮ ላይ ታቆማታለች።

«እነዚህን ሳስረሳ እውላለሁ፤ ለራሴ ግን ዘዴው ጠፋኝ» ትላለች።

ብርዱ ሲገባ የሷ ሴንሰሮች በንጹህ አየር መጉበጥ ጀመሩ። መስኮቱ ዝግ፣ ጠርሙሱ ሁሉ ክድን ነው። እሷ ጠጋ ስትል መስመሩ ከፍ ይላል። ቤት መጥታ ለእኔ ለእህቷ ልጅ ብቻ ሹክ አለችኝ።

«መጥቷል።»

«ማን?»

«ማን ይሆናል! አጠገቤ ቆሞ ይተነፍሳል እኮ። እኔም ሴንሰሮቹ እሱን እንደ ትነት እንዳይቆጥሩብኝ፣ መስመሩ ከፍ ያለበትን ዜሮ አደርገዋለሁ።»

እኔ በሙት መንፈስ አላምንም። ያን ምሽት ግን ጀርባዬን ለበሩ አልሰጠሁም።

ከዚያ አንዱ ሴንሰር ፋብሪካው ውስጥ ሲሞከር፣ ትነት እያለ ዝም አለ። የሴንሰሮቹ መሐንዲስ የእጅ የትነት መመርመሪያ ይዛ አክስቴ የምትሠራበትን ክፍል ዞረች፤ አክስቴ አንገት ጋ ስትደርስ መስመሩ ዘለለ።

«እትዬ፣ ከጋዎኑ ስር ምን ለብሰዋል?»

የባሏን የሥራ ሹራብ ነበር፤ ሳይታጠብ በላስቲክ ተቋጥሮ የኖረውን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሱፍም ይጨመርበት።

መሐንዲሷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባልዎን የገደለውን ሽታ ነው እኮ ዜሮ ያሉት። አጣቢ ቢገባበት ሴንሰሩ ንጹህ አየር ነው ይላል።»

ሴንሰሮቹ በሙሉ ከፋብሪካው ተመለሱ፤ የሰው ሕይወት ሳይጠፋ መታወቁ ደግ ሆነ። ሹራቡን አክስቴ ራሷ በእጇ አጠበችው። ልርዳሽ ብላት «ተወኝ» አለች፤ ከማጠቧ በፊት ፊቷን ቀብራበት ቆየች፤ እኔም ወደ ውጭ ወጣሁ።

ሲደርቅ ለብሳው ሥራ ገባች። መሐንዲሷ መመርመሪያውን አንገቷ ጋ ይዛ ጠበቀች።

«ጎሽ፣ ምንም የለም!»

«አዎ» አለች አክስቴ፤ «ማንም የለም።»

ሴንሰሯን ሳበችና ዜሮ ላይ አቆመቻት።