ውሃ የያዛት ልጅ

ጻፊ እንግዲህ። ዓረብ አገር፣ ሲብ በሚባል ከተማ ሰው ቤት ስሠራ ያሳደግኳት ልጅ ነበረች፣ የማዳሜ ልጅ። «ኻላ» ነው የምትለኝ፣ አክስቴ ማለቷ ነው። ዋና ነፍሷ ነው። የምትዋኝበት ገንዳ ወንድ ስለማይገባበት ሾፌሩ በር ላይ ይቀራል፣ እኔ ፎጣዋን ይዤ እገባለሁ።

አሰልጣኟ የግብፅ ሰው ናት። ልጆቹን ውሃው ላይ በደረታቸው ታስተኛና ገመድ አስይዛ ትጎትታቸዋለች። ገመዱ ላይ እንደ ሥጋ ሚዛን ያለ ነገር አለ፤ ውሃው ማንን ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚይዝ በሱ ታያለች። የኔዋ ቀጭን ሳለች እንደ ዓሣ ሹልክ ትል ነበር። ኋላ ደረት አወጣች፣ ዳሌዋ ሰፋ፣ ሚዛኑ ከበደ።

«አድገሻል፤ ሰውነት ሲሰፋ ውሃው ይይዘዋል» አለቻት አሰልጣኟ። «ግን ቁመትሽም ጨምሯል። ቀጥ ብለሽ መዘርጋት ከቻልሽ ያግዝሻል።»

ልጅቷ የሰማችው የፊተኛውን ብቻ ነው። ጓደኞቿ ደግሞ፣ «ያላ፣ መንገድ ልቀቁ፣ መርከቧ መጣች!» እያሉ ይስቁባታል። ለውድድር የሚመረጡበት ቀን እየቀረበ ነው፤ መቅረት እንደ ሞት ነው የምትፈራው።

ኢድ አለፈና የሸዋልን ጾም፣ ከረመዳን በኋላ የሚጾመውን ስድስት ቀን፣ ያዘች። የሸዋል ወር ወጣ፣ እሷ አልፈታችም። ማዳም፣ «ማሻአላህ፣ ልጄ ዲኗን ያዘች!» እያለች ለዘመድ ሁሉ ታወራለች። እኔ ግን መግሪብ ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ቴምሯን ጎርሳ ትወጣና ሶፍት ላይ ስትተፋው አየሁ።

«ማዳም፣ ወላሂ ይሄ ጾም አይደለም» አልኳት።

«ልጄ ብትጾም አንቺ ምን ጎደለብሽ?»

ደግሜ ብነግራት፣ «ኻላስ! በቃ!» አለችኝ።

የምርጫው ቀን ክንዷ እንጨት መስሏል። ገመዱን ያዘች። ሰውነቷን ቀጥ አድርጋ የምትይዝበት አቅም ከየት ይምጣ? ወገቧ ወረደ፣ እግሯ ሰመጠ፣ ውሃው ከበፊቱም ብሶ ያዛት። አሰልጣኟ ጎትታ አወጣቻትና፣

«ምን በልተሽ ነው የመጣሽው?» አለቻት።

«ጾም ላይ ነኝ።»

አሰልጣኟ ወደ እኔ ዞረች። ጾም አይደለም ለማለት ራሴን ነቀነቅኩላት። «እስክታገግሚ ገንዳ የለም» አለቻት።

ኋላ በላች፣ አልሐምዱሊላህ፣ ፊቷም ተመለሰ። ገንዳ ግን በጄ አላለችም። አንድ ቀን በጠዋት ባሕሩ ዳር ወሰድኳት። አባያዋን እንደለበሰች አሸዋው ላይ ጉልበቷን አቅፋ ቁጭ አለች።

«እግርሽን እንኳ ንከሪ እንጂ፣ ልጄ።»

«ሰው ያየኛል፣ ኻላ።»

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ማፊ፣ ማንም አልነበረም።