የተሬፋ ግራ ጉንጭ

ተሬፋ ሠላሳ አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ፊቱ ሁለት ዓይነት መልክ እንዳለው አያውቅም ነበር። ከአምቦ ጊንጪ፣ ከጊንጪ አምቦ ሚኒባስ ሲነዳ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ጠዋት ሲወጣ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትቀበለዋለች። ሲመለስ ደግሞ፣ በተለይ በበጋው ወራት፣ በግራ መስኮት ገብታ ጉንጩ ላይ ትቀመጥና አምቦ መናኸሪያ እስኪደርስ ድረስ አትወርድም። በዚህ ሁኔታ ቀኝ ጉንጩ እናቱ እንደወለደችው ጠይም ሆኖ ሲቀር ግራው ከክንዱ ጋር ተያይዞ ኑግ መሰለ።

ይህን ሳያውቅ መኖሩ አይገርምም። የመኪናው መስታወት የሚያሳየው ከኋላ የሚመጣውን ነው። ቤቱ ያለችው መስታወትም ጢም ለመላጨት ብቻ የምትበቃ ቁራጭ ነበረች። ላጤ ስለነበረ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው አልነበረውም፤ ሹፌር ጓደኞቹ ደግሞ ሁሉም እንደዚያው ስለሆኑ የሰው ፊት ተፈጥሮው ይኸው ይመስላቸው ነበር።

ነገሩን ያመጣችው ለንሳ ናት። ለንሳ የጌዶ ልጅ ስትሆን ጊንጪ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስትወጣ በተሬፋ መኪና አምቦ ድረስ ትመጣና ከዚያ ሌላ መኪና ይዛ ቤተሰቦቿ ዘንድ ትሄዳለች። የምትቀመጠው ሁልጊዜ ጋቢና፣ ከሹፌሩ በስተቀኝ ነው። ተሬፋ ዓርብ ከሰዓት ያንን ቦታ ለማንም አይሰጥም፤ እሷ እስክትመጣ ጃኬቱን ያስቀምጥበታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ኦሮምኛውን ከአማርኛው እየቀላቀሉ ሲጫወቱ፣ እሱ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም፤ እሷ ደግሞ ከቀኝ ጉንጩ ሌላ የምታየው ነገር አልነበራትም።

በ2012 ጥር ላይ ከበበው የሚባል ሹፌር ጓደኛው እህቱን ዳረ። ተሬፋ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ጎንበስ ቀና እያለ እንግዳ ሲያስተናግድ ለንሳ ከመምህራን ጓደኞቿ ጋር ገባችና በግራ በኩሉ አለፈች። በኦሮምኛ ሰላም አላት። እሷም የማያውቁት ሰው ሰላምታ ሲሰጥ እንደሚደረገው አንገቷን ሰበር አድርጋ መለሰችና አልፋው ሄደች። ተሬፋ የእንጀራ ትሪ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ያን ቀን ምን እንደበደላት ሲያስብ ዋለ፣ አደረም።

በሚቀጥለው ዓርብ ለንሳ እንደወትሮዋ ፈገግ ብላ ጋቢና ገባችና፣ ገና ከጊንጪ ሳይወጡ፣

"ሰርጉ ላይ ወንድምህን አየሁት፤ ሰላምም ብሎኛል" አለችው። "ቁርጥ አንተን ነው። ጠቆር ማለቱ ብቻ ነው የሚለያችሁ።"

ተሬፋ ወንድም የለውም። ያሉት አራት እህቶች ናቸው። ስቆ "እኔው ነኝ" ማለት ነበረበት፤ ከዚያ በኋላም በሕይወቱ ሙሉ ለምን እንዳላለ ራሱን ጠይቋል። ግን በዚያች ደቂቃ በግራ በኩል ያለውን ፊቱን እንደ ተደበቀ ጉድ አሰበውና አፉ ቀድሞት፣

"አዎ፣ ታላቄ ነው" አለ።

የት እንደሚኖር ጠየቀችው። ጌዶ ሊል ሲል የእሷ አገር መሆኑ ትዝ አለውና ነቀምቴ አለ። ስሙንም ጠየቀችው። ከፊታቸው የሚሄደው የጭነት መኪና ጀርባ ላይ በትልቁ ቦንሳ ተብሎ ተጽፎ ነበርና ወንድምየው ቦንሳ ሆነ። ለንሳም ቦንሳ ቁም ነገረኛ ሰው እንደሚመስል ተናገረች። ተሬፋ የዚያን ዕለት በገዛ ግራ ጉንጩ ቀና።

በማግስቱ የግድግዳ መስታወት ገዛ። በመስኮቱ ብርሃን ፊት ለፊት ቆሞ ራሱን አንዴ ከቀኝ አንዴ ከግራ ካየ በኋላ፣ ለንሳ እውነቱን ከማወቋ በፊት ቦንሳ መጥፋት እንዳለበት ወሰነ። ቦንሳ የሚጠፋው ደግሞ ሲቀላ ብቻ ነው።

መናኸሪያው አጠገብ ሰኪና የምትባል የቅባት ነጋዴ አለች። ቤተሰቦቿ ከስልጤ የመጡ ናቸው፤ ሱቋ ከወለል እስከ ጣራ በጠርሙስና በብልቃጥ የተሞላ ነው። ሰኪና ተሬፋን ብርሃን ላይ አቁማ ካየችው በኋላ አልሳቀችም፤ ስላልሳቀችም ሙሉ በሙሉ አመናት። ፊት በአንድ ሳምንት አይቀላም አለችው። ዋናው ሐሳብ ነው፤ ሰው በመጀመሪያ እቀላለሁ ብሎ ልቡን ማሳመን አለበት። ከዚያ ጠዋትና ማታ ሳያቋርጡ መቀባት፣ በየቀኑ መስታወት አለማየት፣ ለሰውም አለማውራት። ይህን ሁሉ ከነገረችው በኋላ ጽሑፉ የተፋቀ ሮዝ ብልቃጥ አወጣች።

"ኦቦ ተሬፋ፣ አንድ ዓመት ይስጡኝ" አለችው። "ሁለቱንም ጉንጭ ግን እኩል ይቀቡ፤ አንዱ ቅር እንዳይለው።"

ተሬፋ በሕይወቱ እንዲህ ሥርዓት ይዞ የሠራው ነገር የለም። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቶ ይታጠባል፣ ይቀባል፣ እስኪመጠጥ ቁጭ ብሎ "እየቀላሁ ነው" እያለ በልቡ ይደጋግማል። ማታ ደግሞ በራሱ ምርምር ማርና እርጎ ጨመረበት። አንድ ሳምንት እርድም ሞክሮ ነበር፤ ጠዋት በደንብ ሳይታጠብ ወጥቶ ተሳፋሪዎች የወፍ በሽታ ይዞታል ብለው ሲንሾካሾኩ ስለሰማ ተወው።

ሁለት ወር ምንም ለውጥ አልታየም። መጋቢት ላይ ግን ኮሮና ገባና ከከተማ ከተማ የሚሄድ መኪና ሁሉ ቆመ። ተሬፋ ቤቱ ተቀመጠ። ትራንስፖርቱ ሲከፈት መስታወቱ ፊት ቆመና ዓይኑን ማመን አቃተው። ግራ ጉንጩ ለቅቋል። ሳምንታቱን ሁሉ ጥላ ውስጥ መቀመጡን አላሰበም፤ ምስጋናውን በሙሉ ለሮዙ ብልቃጥ ሰጠና ሁለተኛ ሊገዛ ሄደ።

ሥራ ሲጀምር ማስክ ግዴታ ሆነ። በሰኔ ወር ማስኩን ሲያወልቅ ከአፍንጫው በታች አንድ መልክ፣ ከአፍንጫው በላይ ሌላ መልክ፣ በግራ በኩል ደግሞ የድሮው መልክ ነበረው። የቦንሳን ነገር ቀድሞ የሰማው ከበበው አይቶት፣ አሁን እንኳ ወንድም ብቻ ሳይሆን ቤተሰብ መስለሃል አለው።

ትምህርት ቤት ተከፍቶ ለንሳ የተመለሰችው በ2013 ኅዳር ላይ ነው። ቀኝ ጉንጩን ስታየው ደነገጠች፤ ታመህ ነበር ወይ አለችው። ቀኙ ቀልቶ ቀልቶ ደም ሥሩ ይቆጠር ነበር። ግራው ግን ቅባቱን እኩል ቢቀባም ፀሐይዋ አልለቀቀችውም፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ከመጥበብ ይልቅ ሰፋ። ለተሬፋ ጉዳዩ በዚህ በኩል እንደሚበላሽ ማንም አልነገረውም ነበር።

ለንሳ ይዛ የመጣችው ወሬ ግን ከዚህ የባሰ ነው። ዱሬቲ የምትባል የሥራ ባልደረባ አለቻት። ጨዋ ናት፣ ቤተሰቦቿም የተከበሩ ናቸው፣ ዕድሜዋም ደርሷል። ለንሳ ክረምቱን ሙሉ አስባበት ዱሬቲ የምትሆነው ለቦንሳ ነው ብላ ደምድማለች፤ ለዱሬቲም ነግራታለች። ዱሬቲም ሰርጉ ላይ አይታው ኖሮ አልጠላችውም።

ከዚያ ዓርብ ጀምሮ የተሬፋ ኑሮ ቦንሳን መደበቅ ሆነ። አንድ ሳምንት ቦንሳ አሶሳ ጭነት ወሰደ። በሌላው መኪናው ተበላሸ። ገና ላይ ወባ ያዘው። ወባ መያዙን የሰማችው ለንሳ በተሬፋ እጅ አንድ ጠርሙስ የጭልሞ ጫካ ማር ላከችለት፤ ተሬፋ ማሩን ግማሹን በላው፣ ግማሹን ፊቱን ተቀባው። አንድ ቀን ቦንሳን ለመግደልም አስቦ ነበር። ግን ለንሳ ለቅሶ ሳትደርስ እንደማትቀር ሲያስብ ተወው። መጨረሻ ላይ ቦንሳ አገባ አላት። ለንሳ ጥሪ ስላልደረሳት ተቀየመች፤ ዱሬቲም ለሁለት ሳምንት ከለንሳ ጋር አልተነጋገረችም።

ሚያዝያ ሲገባ ፊቱ እንቢ አለ። ፀሐይ ገና ስታየው ይለበልበዋል፤ የሞተሩ ሙቀት ብቻ ያቃጥለዋል። ግራ ጉንጩ ተላጠ፣ ቡግር ወጣበት፣ ከዚያም እንደ ማድያት ያለ ነጠብጣብ ጣለ። መስኮቱ ላይ ፎጣ ሰቀለ፤ የትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ፣ ይህ መኪና እንጂ መታጠቢያ ቤት አይደለም ብሎ አስወረደው። ከዚያ ፊቱን በግራ በኩል በሻርፕ ጠቅልሎ መንዳት ጀመረ። ተሳፋሪው ሁሉ ጥርሱን ያመመው መሰለው። አንዲት እናት ከመቀነታቸው ቅርንፉድ ፈትተው፣ በታመመው መንጋጋህ ያዘው አሉት። ተሬፋም እምቢ ለማለት አፍሮ እስከ አምቦ ድረስ ቅርንፉድ ነክሶ ነዳ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ለንሳ ጋቢና ገባች። ስለ ጥርሱ ጠየቀችው፤ እየተሻለኝ ነው አላት። የትኛው ጥርስ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ከታች ነው አለ፣ ቀጥሎም ከላይ ነው አለ። ለንሳ የሒሳብ መምህር ናት። ከዚያ በኋላ መንገዱን ሙሉ ሻርፑን ስትመለከት መጣች። አምቦ መናኸሪያ ሲደርሱ ወርዳ እንደወትሮዋ ወደ ጌዶ መኪኖች አልሄደችም። በመኪናው ፊት ዞራ በሹፌሩ መስኮት በኩል መጣችና፣ እጇን አስገብታ ሻርፑን ሳብ አደረገችው።

ረዥም ጊዜ አየችው።

"ቦንሳ" አለች በቀስታ፣ "ሚስትህ ደህና ናት?"

ተሬፋ መኪናውን አስነስቶ ለመሄድ ፈልጎ ነበር፤ ግን ተራው አልደረሰም። ስለዚህ እዚያው ሁሉንም ነገራት። ስለ ሰርጉ፣ ስለ ጭነት መኪናው ጀርባ፣ ስለ ሮዙ ብልቃጥ፣ ስለ ማሩም ሳይቀር። ለንሳ መጀመሪያ ላይ ሳቀች፤ መሳቅ ስትጨርስ ዱሬቲ ትዝ አለቻትና ተናደደች፤ እንደተናደደችም ፊቱን ዳግመኛ አየችና ንዴቷን ወደ ጎን አድርጋ፣ ነገ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ አለችው።

ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበለችው ማኅሌት የምትባል ወጣት ሐኪም ናት። ሮዙን ብልቃጥ አገላብጣ አየችና ምን እንዳለበት የተጻፈ ነገር እንደሌለ፣ ምልክቱ ሁሉ ግን ቆዳ የሚያሳሳ ጠንካራ መድኃኒት የተቀላቀለበት መሆኑን እንደሚያሳይ ነገረችው። ተሬፋ ግራ ጉንጩ መቼ እንደሚቀላ ጠየቃት።

"ኦቦ ተሬፋ፣ ጉንጭዎ አልታመመም ነበር፤ ፀሐይ መትቶት ነው" አለችው። "ከፀሐይ ቢጠብቁት ኖሮ ራሱ ቀስ እያለ ይመለስ ነበር። የታመመው አሁን ነው።"

ቅባቱን እንዴት እንደሚያቆም አሳየችው። ሲተወው መጀመሪያ ላይ እንደሚብስበት፣ ይህም ወራት ሊፈጅ እንደሚችል አስጠነቀቀችው። ከዚያ ጠዋት የሚቀባው የፀሐይ መከላከያ፣ እኩለ ቀን ላይ መድገሚያ፣ ረዥም እጅጌ፣ ሰፊ ኮፍያ አዘዘችለት። ተሬፋ ይህን ሁሉ ሲሰማ ከባድ አልመሰለውም። ሥርዓት ጠብቆ መቀባትን አንዴ ለምዶታል፤ የተሳሳተው ብልቃጡን ብቻ ነበር።

ሰኪና ዘንድም ሄዶ ነበር፤ ሊጣላት። እሷ ራሷ ብልቃጡን ከሌላ ነጋዴ እንደተረከበች፣ ምን እንዳለበት እንደማታውቅ ነገረችው፤ አንገቷንም ደፋች። የእሷ ፊት እንዴት እንዲህ እንደጠራ ሲጠይቃት ከባንኮኒው ሥር ግሊሰሪን አውጥታ አሳየችው። ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ነገር ተቀብታ አታውቅም።

ለንሳ ሦስት ሳምንት ጋቢና አልገባችም፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ መጣች። በአራተኛው ተመልሳ ገባች። ፊቱ በጣም አስቀያሚ በሆነበት በዚያ ክረምት፣ በነጠብጣቡና በልጣጩ መካከል፣ እንደሚፈልጋት ነገራት። እሷም የትኛችሁ ነው የጠየቀኝ አለችው። ሁለታችንም አላት።

በ2015 ሽማግሌ ጌዶ ሲላክ የለንሳ አባት ስለዚያ ነቀምቴ ስላለው ወንድም ጠየቁ፤ ስሙን በቤታቸው ሲሰሙ ቆይተዋልና። ለንሳ፣ እሱ በሰርጉ ቀን ይመጣል አለቻቸው። በሰርጉ ቀን ዱሬቲ ሚዜ ሆና ከሙሽራው በስተግራ ቆመች፤ ፎቶ በተነሱ ቁጥር ጉንጩን በትኩረት እያየች፣ ይህማ ያመለጠኝ እጣ ነው እያለች አሳቀቻቸው።

አሁን ግራ ጉንጩ ከቀኙ ብዙም አይለይም፤ ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚያየው። ባለፈው ዓመት ሴት ልጅ ወለዱ። ጎረቤቶች ሊጠይቁ በመጡ ጊዜ ሕፃኗ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ቀይ ናት፣ የለም ትጠይማለች፣ ጆሮዋን ካያችሁ ጠይም ነው የምትሆነው እያሉ መከራከር ጀመሩ። ቁጥብ የነበረው ተሬፋ ያን ጊዜ ተነስቶ ስለ ፀሐይ፣ ስለ ቆዳ፣ ጽሑፉ ስለተፋቀ ብልቃጥና ስለ ረዥም እጅጌ ጥቅም ግማሽ ሰዓት ያህል ገለጻ ሰጣቸው። ለንሳ ልጇን እያጠባች ከአልጋዋ ላይ፣ እንግዶቹ ገንፎው እየቀዘቀዘባቸው ነውና ይብቃህ አለችው።