የሦስት ሰው ቅያሪ

ወልቂጤ የተከራየሁት ቤት ፊት ለፊት ትንሽ ምግብ ቤት አለ። ጠዋት ጠዋት አስተናጋጆቹ ወንበሮቹን ከውስጥ ወደ በረንዳው ይጎትታሉ። የብረት እግር ሲሚንቶ ሲፍቅ የሚያሰማው ድምፅ ጥርስ ያሳክካል፤ ጎረቤቶቼም በየጊዜው ይነጫነጫሉ። እኔን ግን ያ ድምፅ ቡታጅራ፣ አራተኛ ክፍል ይወስደኛል፤ እትዬ ሙሉ ዘንድ።

የማስተምረውም የምመራመረውም የድልድል ስሌት ነው። ያሉንን ሰዎች ላሉን ቦታዎች አንድ ለአንድ ስናዳርስ የሁሉም ድካም ተደምሮ እንዲያንስ ማን የት ይሁን? ሐኪም ለጤና ጣቢያ፣ መኪና ለመንገድ፣ መምህር ለትምህርት ቤት። ሲያወሩት ቀላል ነው፤ ሲሠሩት ግን አንዱን ሲያስደስቱ ሌላው ይከፋል። እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «ሰው ታቀያይራለች» ትላለች፤ ከዚህ ያጠረ ትርጉም መጽሐፍ ላይም አላገኘሁም።

እትዬ ሙሉ ከጎጃም የመጣች ቀጭን፣ ችኩል መምህርት ነበረች። አረንጓዴ ሹራቧ ከክርኗ በታች በጠመኔ ብናኝ ነጭ ሆኖ ነው የማስታውሰው። ባሏ የአገና ሰው ነው፣ እዚያው ጤና ጣቢያ ይሠራል። ትንሽ ሴት ልጃቸውም አገና ከአያቷ ጋር ነበረች። እትዬ ሙሉን ግን ዕጣ ቡታጅራ ጣላት። በወር አንዴ፣ ደመወዝ ስትቀበል፣ ዳገትና ጭቃ አልፋ አገና ትሄዳለች። ሰኞ ስትመለስ ዐይኗ አብጦ እናያለን፤ ማንም ምነው አይላትም። አንድ ቀን ለሌላዋ መምህርት ስትነግራት ሰማሁ፦ ልጅቷ አፏን የፈታችው በአያቷ ጉራጊኛ ነው፣ እናቷ የምትላት ሳይገባት ሲቀር ጥላት ወደ አያቷ ትሮጣለች። ይህን ስትናገር ድምፅዋ አልተለወጠም፤ ጠመኔውን ብቻ በጣቶቿ ትፈረፍር ነበር።

ሰኞ ሰኞ የክፍላችን ሥራ በዕጣ ይከፋፈላል። መጥረግ፣ ውሃ መቅዳት፣ ሰሌዳ ማጥፋት በየቁራጭ ወረቀቱ ይጻፍና እናነሣለን፤ ከወጣ በኋላ መቀያየር ይፈቀዳል። አንድ ሰኞ ለከድር መጥረግ ደረሰው። አቧራ ያስለዋል፣ ስለዚህ ውሃ መቅዳት ፈለገ። ውሃ የደረሳት ትዕግሥት ባልዲው ይከብዳታልና ሰሌዳ ተመኘች። ሰሌዳ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ልቤ ያለው ግን መጥረጊያው ላይ ነው። የሚጠርግ ልጅ ማልዶ ይመጣል፤ ማልዶ የመጣ ደግሞ እትዬ ሙሉን ብቻዋን ያገኛታል። ሁለት ሁለት እየሆንን ብንከራከር ብንከራከር አልሆነልንም። ከድር የኔን ሰሌዳ አይፈልግም፣ ትዕግሥት የከድርን መጥረጊያ አትፈልግም፣ እኔም የትዕግሥትን ባልዲ ማየት አልፈልግም።

እትዬ ሙሉ ወንበራችንን አስጎትታ ፊት ለፊት ክብ ሠርተን እንድንቀመጥ አደረገች። ከዚያ እያንዳንዳችን የያዝነውን ወረቀት በግራ በኩል ለተቀመጠው እንድናቀብል አዘዘች። አቀበልን። ሦስታችንም የተመኘነውን ይዘን ተገኘን፤ ከድር እንደ ምትሃት ቆጥሮት ወረቀቱን ገልብጦ አየው። እትዬ ሙሉ ግን እኛን ትታ መስኮቱን እያየች ቆየች። የራሷ ነገር ያን ጊዜ ነው የታያት ብዬ አምናለሁ።

በዚያ ዘመን መምህር በቀላሉ የሚዛወረው የሚቀያየረው ሰው ሲያገኝ ነው። እትዬ ሙሉ ከአገና ወደ ቡታጅራ መምጣት የሚፈልግ መምህር ስትፈልግ ከርማ አጥታለች። አገና ያለች አንዲት መምህርት መልቀቅ ትፈልጋለች፣ ግን ባሏ ወልቂጤ ስለሚሠራ ወልቂጤ ካልሆነ አልሄድም ትላለች። ወልቂጤ ያለ አንድ መምህር ደግሞ ቡታጅራ ብቻውን የቀረ ሽማግሌ አባት አለውና ቡታጅራን ይመኛል። ይህን ሁሉ ይዛ አንድ ቅዳሜ ቤታችን መጣች፤ አባቴ በትምህርት ጽሕፈት ቤት የመምህራንን ዝውውር የሚያየው እሱ ነበር። አባቴ ደንብ የሚያከብር ሰው ነው። እናቴ «ሞት ቢመጣበት እንኳ ማመልከቻህ የታል ይለዋል» እያለች ታሾፍበታለች።

ቆጮና ጎመን ቀርቦ እየበላን ነበር። አባቴ ሰምቶ ጨረሰና ቅያሪ የሁለት ሰው ነው፣ ቅጹም ሁለት ስም ብቻ ነው የሚይዘው አላት። «ሦስት ሲሆን ማን ከማን ጋር ተቀያየረ ብዬ ልጻፍ፣ መምህርት?»

እትዬ ሙሉ አፍራ ይቅርታ ጠየቀችና እንድንነሣ ለመነችን። የአባቴ ወንበር ቡታጅራ ነው፣ የእናቴ ወልቂጤ፣ እኔ የምቀመጥባት አጭር ዱካ አገና። አባቴን ወደ ዱካዬ፣ እኔን ወደ እናቴ ወንበር፣ እናቴን ወደ አባቴ ወንበር ሰደደችን። አባቴ ጉልበቱ አገጩ ሊደርስ ምንም ሳይቀረው ዱካው ላይ ተኮራምቶ ተቀመጠ።

«አቶ ደግፌ፣ ቆሞ የቀረ ሰው አለ? ባዶ የቀረ ወንበርስ አለ?»

የለም አላት። እናቴ በባሏ ወንበር ላይ ተመቻችታ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለችው። እኔ ደግሞ እናቴ ወንበር ላይ እግሬ መሬት ሳይነካ እንደተንጠለጠለ ነገሩ ገባኝ፤ ይህ ከተሳካ እትዬ ሙሉ ልትሄድ ነው። ተነሥቼ ወደ ዱካዬ ብመለስና ሁሉም እንደነበረ ቢሆን በወደድኩ።

አባቴ ብዙ ቀን ቅጹን ሲያገላብጥ ከርሞ መላውን አገኘ። ደንቡን አልጣሰም፣ ሁለት ጊዜ ተጠቀመበት እንጂ። በመጀመሪያው ቅጽ እትዬ ሙሉን ከወልቂጤው መምህር ጋር ቀያየረ፤ በሁለተኛው፣ በወረቀት የወልቂጤ መምህርት የሆነችውን እትዬ ሙሉን ከአገናዋ ጋር ቀያየረ። አንድ ሰዓት እንኳ ያላስተማረችበት ወልቂጤ ፋይል ነበራት። አባቴ በዚህ ዛሬም ይኩራራል፤ እኔም ለተማሪዎቼ የክብ ቅያሪ ወደ ጥንድ ጥንድ እንደሚፈታ ሳስተምር የሱን ቅጾች ነው የማስበው።

የሄደችው በዓመቱ አጋማሽ ነው። ክፍሉ ተሰናብቷት ሲበተን እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።

«እትዬ፣ ቆሞ የቀረ ሰው የለም ብለሽ ነበር» አልኳት። «እኔ ቀረሁ።»

ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋ ጠፋ። ቁጢጥ ብላ የሹራቤን ቁልፎች ከታች ጀምራ ቆለፈችልኝ።

«ልክ ነሽ» አለችኝ። «አንቺን አልቆጠርኩም። እንዴት እንደሚቆጠር እኔም አላውቅ። ስታድጊ አንቺ ፈልጊው።»

ከወልቂጤ የመጣውን መምህር ልጠላው ቆርጬ ነበር፤ አላስቻለኝም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ አባቱን ሊያበላ እየሮጠ ሲወጣ እናየዋለን፤ ሲመለስ እጁ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ከአገና የሚመጣ ወሬም ደግ ነበር። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትምህርት ቤት ትውላለች፣ አያቷና እናቷ ሲነጋገሩ መሀል ገብታ የምታስተረጉመው እሷ ናት አሉ። ደስ አለኝ፤ እየከፋኝም ቢሆን ደስ አለኝ።

አሁን ከተማሪዎቼ ጋር የመምህራንን ዝውውር የሚደለድል ስሌት እየሠራን ነው። ሦስትም ይሁኑ አሥር፣ ክቡን ኮምፒውተሩ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። ሠንጠረዡ የመምህሩን ቤተሰብ ርቀት ይዟል፣ የትምህርት ቤቱን ፍላጎት ይዟል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ተማሪዬ ዳር ላይ የጨመርኩትን ዓምድ አይቶ ምንድን ነው አለኝ። በዓመቱ አጋማሽ መምህር ሲሄድባቸው ልጆቹ የሚያጡት ነው አልኩት። ለጊዜው በግምት ነው የሞላሁት፤ በዚያም ብቻ ስሌቱ ዝውውሮቹን ወደ ክረምት መግፋት ጀምሯል።

ልጁ ጥቂት አሰበና «ይህ በምን ይለካል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እሱን ፈልጊ ተብዬ ነው» አልኩት።