ዝናብ የሚጠብቅ ሰው

እሁድ ከሰዓት በኋላ አራት ሆነን የምንጫወተውን ጨዋታ ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ይቸግረኛል። ካርታ አይደለም፤ ዳማም አይደለም። አንዷ ታሪክ ታወራለች፣ ሌሎቻችን በታሪኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች እንሆናለን። አንዱ «በሩን እከፍታለሁ» ይላል፣ ቁጥር ያለበትን ዳይስ ይጥላል፣ እሷ ከበሩ ኋላ ያለውን ትነግረዋለች። እናቴ አንድ ቀን ቁጭ ብላ ካየችን በኋላ «ይኼማ ተረት ነው፤ ምኑን ጨዋታ አላችሁት?» አለች። ብዙም አልተሳሳተችም።

ታሪኩን የምታወራው አጫዋቻችን የልጅነት ጓደኛዬ ናት፤ አሰላ ውስጥ ሒሳብ ታስተምራለች። ጨዋታውን የለመደችው ዩኒቨርሲቲ ሳለች ከዶርም ጓደኛዋ ነው። ከተጫዋቾቹ አንዱ የሥራ ባልደረባዋ፣ የባዮሎጂ መምህር፣ የበቆጂ ልጅ ነው። ሌላው የአቦምሳ ልጅ፣ ከብት ነጋዴ ነው። አጫዋቻችን ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ ሲኖር በግድግዳው በኩል ሳቃችንን ሲሰማ ከርሞ፣ አንድ እሁድ በሩ ላይ ቆሞ «እኔም ልግባ?» አለን። ሦስተኛዋ ተጫዋች እኔ ነኝ፤ ፍርድ ቤት ጸሐፊ።

አምና ታሪካችን ከደረቀ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ጂኒ አስፈትቶን ነበር። ጂኒውም ውለታችንን በአንድ ምኞት እንደሚከፍል ነገረን። ደስ ከማለት ይልቅ ፈራን። አጫዋቻችን በምኞት ነገር ጨካኝ ናት። «ጂኒው የሚሰማው ቃላችሁን ነው፤ ልባችሁን አይደለም» ትላለች። ቀደም ሲል የአቦምሳው ልጅ «ዳግመኛ እንዳይርበኝ» ብሎ ቢመኝ፣ ወዲያው ድንጋይ አደረገችው። ድንጋይ አይርበውም። እሱን መልሰን ሰው ለማድረግ ስንት እሁድ ፈጀን!

የምንለምነው ነገር አላከራከረንም። በምናባችን አገር ዝናብ ከጠፋ ቆይቷል፤ ስለዚህ ዝናብ እንለምናለን። ያከራከረን አባባሉ ነው።

«ዝናብ ይዝነብ። አለቀ» አለ የአቦምሳው።

«መቼ?» አለ የበቆጂው።

«መቼም! ዝናብ መቼ ቢመጣ ነው የሚጠላው?»

«ገብስ ታጭዶ መሬት ላይ ተኝቶ ሳለ ቢመጣስ?»

«እናንተ ደገኞች ዝናብ ታማርጣላችሁ» አለ የአቦምሳው። እየሳቀ ነበር፣ ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አልነበረም። «እኛ ጋ እኮ፣ ወላሂ፣ ደመና ሲያልፍ ቆመን ነው የምንሸኘው።»

አጫዋቻችን እስከሚቀጥለው እሁድ ጊዜ ሰጠችን፤ ቃሉን የማርቀቁ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ቀኑን ሙሉ ክስና መልስ ስተይብ የምውል ሰው ስለሆንኩ ኮራሁ። በረዶን አገለልኩ፤ ጎርፍን፣ መብረቅን፣ ያለ ወቅቱ የሚመጣን አገለልኩ። ሲነበብ ትንፋሽ የሚያሳጥር ነገር ወጣኝ፤ ቀዳዳ ግን አልታየኝም።

እሁድ ሳይደርስ፣ ኅዳር ውስጥ፣ እውነተኛው ዝናብ መጣ። አሰላ ላይ ሁለት ቀን ያለማቋረጥ ዘነበ። አርብ ማታ የበቆጂው ደውሎ ወደ አባቱ ስለሚሄድ እሁድ እንደማይመጣ ነገረን። የአባቱ ገብስ ታጭዷል፤ ግን ገና አልተከመረም። ነዶው ውሃ ውስጥ ተኝቷል።

«ለብቻህ ምን ታደርጋለህ?» አለችው አጫዋቻችን። «እኛም እንመጣለን።»

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን በሳጉሬ በኩል በሚኒባስ ወጣን። በቆጂ ስንደርስ ዝናቡ አባርቷል፤ ብርዱ ግን ጣት ያደነዝዛል። አባትየው ጋቢያቸውን ተከናንበው ማሳው ዳር ጠበቁን። ከአቦምሳው ልጅ ጋር በኦሮምኛ ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ከብት ነጋዴ መሆኑን ሲሰሙ ይበልጥ ወደዱት። እጃቸውን ስጨብጥ «አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ?» አልኳቸው። «አለን፣ ልጄ። እንደምታዪው ነው» አሉኝ።

ሥራው ቀላል ይመስላል። እርጥቡን ነዶ ታነሳለህ፣ ትፈታለህ፣ ነፋስ እንዲያገኘው ዘርግተህ ታዞረዋለህ። ከታች ያለው ቀድሞ መጥቆር ጀምሯል፤ አንዳንዱ ዛላ ላይ አረንጓዴ ጭራ የመሰለ ቡቃያ ወጥቷል። የበቆጂው ልጅ ያንን ባየ ቁጥር ዛላውን ለብቻ ያስቀምጣል። በክፍል ውስጥ ስለ ዘር መብቀል የሚያስተምረው ራሱ ነው።

እኩለ ቀን ላይ የአቦምሳው ስልክ ጮኸ። እናቱ ናቸው። ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶን አወራ። ድምፁን ዝቅ ቢያደርግም ፊቱን ሲያዞር አየሁት፤ ሳቅ አምልጦት መልሶ ሊውጠው እየታገለ ነበር። ስልኩን ኪሱ ከቶ ነዶ ማዞር ቀጠለ።

የበቆጂው ቀና ብሎ አየው። «እናንተም ጋ ዘነበ እንዴ?»

የአቦምሳው መሬት መሬት አየ። «ዘንቧል» አለ። «ኩሬው ሞላ አሉኝ። ከብቱ ሣር ያገኛል።»

የበቆጂው የጠቆረውን ገብስ እንደያዘ «እሰይ!» አለ። የማስመሰል አልነበረም። በይሉኝታ የሚባለውንና ከልብ የሚወጣውን «እሰይ» ለይቼ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ የአቦምሳው ልጅ ከማናችንም በላይ ሠራ። ሚኒባሱ እንዳያመልጠን ብለን በግድ ነው ከማሳው ያወጣነው።

በሚቀጥለው እሁድ እንደገና ተሰበሰብን። ከገብሱ የተወሰነው ተርፏል፤ የቀረው ለከብት መኖ ሆኗል። ያረቀቅኩትን ማንበብ ስጀምር ሁለቱም አቋረጡኝ። የሚገርመው የአቦምሳው «በአጨዳ ጊዜ አይዝነብ የሚለውን አጥብቂው» ይላል፤ የበቆጂው ደግሞ «ተይው፣ ቆላው ያንን ጊዜ ይፈልገው ይሆናል» ይላል። እያንዳንዱ ለሌላው አጥር ሲያጥር የእኔ ረቂቅ ፈራረሰ። በመጨረሻ ሁሉንም ጥለን አንድ አጭር ቃል ላይ ተስማማን። የአቦምሳው ተነስቶ ቆሞ ለጂኒው ተናገረው፦

«ዝናብን ለሚጠብቅ ሰው፣ በሚጠብቅበት ጊዜ፣ የሚበቃውን ያህል ይዝነብለት።»

አጫዋቻችን ቃሉን ለራሷ ደገመችው። ከዚያ ያ የምንፈራው ፈገግታዋ መጣ።

«ጂኒው ይጠይቃችኋል፤ ከእናንተ መካከል ዝናብን የሚጠብቀው ማነው?»

«ሁላችንም ነና!» አልኩ።

«ስትጠብቁት አላየሁም። ከብት በእረኛ ይጠበቃል፤ ግቢ በዘበኛ። ዝናብን የሚጠብቅ ሰው አላችሁ እንጂ፣ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ አላላችሁም። ጂኒው ዘበኛውን እየፈለገ ነው። ዘበኛ ከሌለ ዝናብም የለም።»

ክው አልኩ። ቀኑን ሙሉ «ጠበቃ» የሚል ቃል እየተየብኩ የምውል ሰው፣ ጠበቀ ሁለት ፊት እንዳለው እንዴት ረሳሁ?

«ዘበኛው የት ነው የሚኖረው?» አለ የበቆጂው ቀስ ብሎ።

«ተራራው አናት ላይ፤ ዝናቡን የሚለቀውም የሚይዘውም እሱ ነው። አንዴ ከወጣ አይወርድም።»

ይህ ማለት የበቆጂው ዘበኛ ልሁን ካለ፣ ከጨዋታው መጀመሪያ ጀምሮ የተጫወተበት ጦረኛ ከእኛ ጋር መጓዙን ያቆማል ማለት ነው። የበቆጂው ዳይሱን እጁ ውስጥ ሲያንከባልል ቆየና «እኔ እወጣለሁ» አለ።

«ቆይ፣ እኔ ነኝ የተናገርኩት፤ እኔ ልሂድ» አለ የአቦምሳው።

«አንተማ ሌት ተቀን ታዘንበው የለ!»

ሳቅን። የአቦምሳው ግን ሳቁን ቶሎ አቆመ። «እውነትህን ነው፣ አላቆመውም ነበር» አለ።

በዚያው እሁድ የበቆጂው ለራሱ አዲስ ሰው ፈጠረ፤ ወሬ የሚወድ የጨው ነጋዴ። ጦረኛው ተራራው ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ከመጀመራችን በፊት አጫዋቻችን ወደ በቆጂው ዞራ «ዘበኛው ዛሬ ለማን ያዘንባል?» ትለዋለች። እሱም በቀላሉ አይመልስም። አንዳንዴ ሻይ እስኪቀርብ ድረስ ያስባል። አንድ ቀን ሲቸግረው ወደ አቦምሳው ዞሮ «ስንት ይበቃችኋል?» አለው።

«ግማሽ ቀን» አለ የአቦምሳው። ከዚያ አሰብ አድርጎ «አጨዳችሁን መጀመሪያ ጨርሱ» አለው።