የሚስተር ማይ ሸሚዝ

በሆቴሉ እንግዳ መቀበያ የሚሠራውን ሰው ባልደረቦቹ «ሚስተር ማይ» ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ሁሉን ነገር በእንግሊዝኛ «የእኔ» ማለት ይወዳል፦ ሊፍቱ «ማይ ሊፍት»፣ የሆቴሉ ባለቤት መኪና ሳይቀር «ማይ ካር» ነበር። ከምሳ በኋላ ሠራተኞቹን ሰብስቦ እንግሊዝኛ ሲያስተምር ደረቱን ይነፋል።

«እጄን ታጠብኩ ለማለት ‹ዘ ሃንድ› ካላችሁ፣ እጁ የማን ነው? የጎረቤት? ‹ማይ ሃንድ› በሉ! በ‹ዘ› የሚጠራ እጅ ባለቤት የለውም።»

የእጁን ነገር በትክክል አስተምሯል፤ መኪናው ግን የእርሱ አልነበረም።

ከኋላ ተቀምጣ የምትሰማው የልብስ ንጽህና ሠራተኛ ሚስቱ ናት። ይህን በሆቴሉ የሚያውቅ አልነበረም፤ «አጣቢ አገባ ይሉኛል» ብሎ በሥራ ቦታ እንዳይተዋወቁ ያስማላት እርሱ ነው። እርሷም እየከፋት እሺ አለች፤ ሸሚዙንም በየማለዳው ተኩሳ ታለብሰዋለች።

አንድ ቀን የእንፋሎት ካውያ እጇን አቃጠላት። በእርጥብ ፎጣ ጠቅልላ ወደ መቀበያው ሮጠች። ሚስተር ማይ አንዲት የውጭ አገር እንግዳ እያስተናገደ ነበር።

«ኧረ ሐኪም ቤት ውሰደኝ!» አለችው።

እንግዳዋ ደንግጣ ማን እንደሆነች ጠየቀችው። እርሱ ዞር ብሎ አየ፤ ሥራ አስኪያጁ ከኋላው ቆሟል።

«ዘ ላውንደሪ ዉማን» አለ፤ አጣቢዋ ናት ማለቱ ነው። ወደ ሚስቱም ዞሮ፣ «እናት፣ የሠራተኛ መውጫ በጓሮ በኩል ነው» አላት።

የሰው መኪና «የእኔ» ለማለት ያላፈረ አፍ፣ በሚስቱ አፈረ። ታክሲ ጠርቶ ሐኪም ቤት ያደረሳት ዘበኛው ነው።

በማግስቱ ማለዳ ሚስተር ማይ ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለ።

«ሸሚዜን አልተኮስሽም እንዴ?»

«ይቅርታ ጌታው፣ ለማላውቀው ሰው አልተኩስም።»

«አንቺ ሴትዮ! ባልሽ እኮ ነኝ!»

«እስቲ ይህን ዛሬ እዚያ መቀበያው ላይ ቆመህ በለው» አለች በፋሻ የታሰረ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ። «ካልክ እዚሁ ታገኘኛለህ።»

በተጨማደደ ሸሚዝ ሥራ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ከላይ እስከ ታች ቃኘው።

«ምን ሆነህ ነው? ቤት ሰው የለህም?»

ሚስቱ «የሚለውን ንገረኝ» ያለችው ዘበኛ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ሚስተር ማይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የለኝም ጌታዬ» አለ።

ማታ ቤቱ ሲገባ፣ የተናገረው እውነት ሆኖ ጠበቀው።