ወደ ውስጥ የታጠፈው ጨርቅ

አቃቂ በሰቃ ልብስ ሰፊ የነበሩት አጎቴ አርባቸው ወጣ፤ የስፌት መኪናቸው ግን እስካሁን እንደተሸፈነ ነው።

ጋሼ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ ጫፉን ወደ ውስጥ በሰፊው ያጥፉ ነበር። «ይሄን ሁሉ ጨርቅ ለምን ያባክናሉ?» ስላቸው ይቆጣሉ። «ልጅቷ ታድግ የለ እንዴ? አንቺ አርፈሽ ቁልፍሽን ትከይ!»

ኑሮ ሲከብድ ነገሩ ገባኝ። ዩኒፎርም አጥሯቸው ከትምህርት ሊቀሩ የነበሩ ልጆች ይመጣሉ፤ ጋሼ እጥፋቱን ተርትረው ያስረዝሙላቸዋል። ሒሳብ ሲሏቸው፣ «ጨርቁ የራሷ ነው፤ ምኑን ልሽጥላት?» ይላሉ።

ባለፈው ሰኞ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ከቱሉ ዲምቱ መጣች። ባዶውን ወንበር ስታይ ገባትና አለቀሰች። የልጅቷ ቀሚስ ከጉልበቷ በላይ ወጥቷል።

«አምና እሳቸው አስረዝመውላት ነበር፤ ከእንግዲህ የሚወጣለት ጨርቅ የለም። አዲስ ለማሰፋት ደግሞ አቅሙ የለኝም። ዘንድሮስ ቤት መቅረቷ ነው» አለች።

መኪናውን ገልጬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በጋሼ ወንበር ተቀመጥኩና የቀሚሱን ጫፍ ተረተርኩት። ከሥሩ ሌላ እጥፋት ወጣ፤ ፀሐይ ያልነካው፣ ቀለሙ ያልለቀቀ ጨርቅ።

ጋሼ ዘንድሮንም አስበውላት ኖሯል።