ክር የታሰረባቸው ቅጠሎች

እናቴ ጎብኔት በአየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ ካለችው መንደራችን ርቃ ሄዳ አታውቅም። ላም ታልባለች፣ መረብ ትጠግናለች፣ ጎረቤት ሲሞት ሬሳ ታጥባለች። ሬሳ የማይፈራው ልቧ የሳዊንን ዋዜማ ግን ይፈራ ነበር። ቄሱ «የቅዱሳን ሁሉ ዋዜማ» ይሉታል፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያንም በፊት የነበረ፣ ብርዱ ሲገባ ሙታን ወደየቤታቸው የሚመለሱበት ሌሊት ነው ይላሉ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ሳል ደረቴን ይዞኝ እሳቱ አጠገብ ተኝቻለሁ። ክፉ መናፍስትን እንዲያርቅ ፊት የተቀረጸበት ቀይ ሥር፣ ውስጡ ሻማ በርቶ፣ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። እንደ ልማዳችን ከግድግዳው ሐረግ ለእያንዳንዳችን አንድ ቅጠል ተቀጥፎ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ፣ ውሃ ላይ ያድራል። ቅጠሉ ንጹሕ ሆኖ ያደረለት ሰው ዓመቱን በጤና ይከርማል፤ የጠቆረበት ግን ዓመቱን አይጨርስም። እንዳይምታታ እማዬ በቅጠሎቹ አንገት ላይ ክር አሰረች፤ የእኔ ቀይ፣ የእሷ ነጭ፣ የአባቴ ጥቁር።

«ለእኔ ጥቁሩን? ሳልሞት ቀበርሽኝ እኮ!» አለ አባቴ ታይግ።

«ዝም በል አንተ! ዛሬ በዚህ አይቀለድም።»

ሳይነጋ ሳሌ ቀሰቀሰኝ። እማዬ ኩራዝ ይዛ ሳህኑ ላይ አጎንብሳለች። ቀዩን ክር ፈታች፤ ነጩንም ፈታች፤ አቀያይራ አሰረቻቸው።

ሲነጋ «ሳይቭ፣ ነይ እይ፣ ያንቺ እንዴት እንደሚያምር!» አለችኝ። ነጭ ክር ያለበት ቅጠል መሃሉ ጠቁሯል። አባቴ አየውና ቀልዱን ተወ።

ሳሉ በጸደይ ለቀቀኝ። እማዬ ግን ላም ማለብ አስተማረችኝ፤ የመቀበሪያ ልብሷ የትኛው ሣጥን ውስጥ እንዳለ ለአባቴ አሳየችው። ባስነጠሰች ቁጥር እደነግጣለሁ። ወደ ባሕሩ ስትወርድ ተከትያት እወርዳለሁ።

«ምነው እንደ ጥላ ተለጠፍሽብኝ?» ትለኛለች።

ማየቴን አልነገርኳትም። ከአፌ ከወጣ የሚፈጸም ይመስለኝ ነበር።

ዓመቱ ሞላ፤ እማዬ አልሞተችም። ሦስት ቅጠሎች ግን እንደገና ውሃው ላይ ተቀመጡ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጎህ ሳይቀድ በጨለማ እየዳበስኩ ወደ ሳህኑ ሄድኩ። እጄ ሌላ እጅ ነካ፤ ቀዝቃዛ እጅ። ጮህኩ።

«እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ የኔ ልጅ! ምን ልታደርጊ ነው?»

«ክሩን ልቀይር። እንዳንቺ።»

እማዬ ሳህኑን አንስታ በሩን ከፈተች። በዚያ ሌሊት ሙታኑን ሳያስጠነቅቁ ውሃ አይደፋምና፣ «እናንተ ውጭ ያላችሁ፣ ውሃ ነው፣ ዞር በሉ!» ብላ ተጣራች። ደፋችው።

«የማን ነው የጠቆረው?» አልኳት።

«አላየሁም። አንቺም አታዪም።»

በሩን ቀረቀረችው። እስኪነጋ ድረስ ግን እጄን አልለቀቀችም።